ጥሬ ድምፅ በባለ ዘጠኝ በሩ ቤት

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ዘርጋው ይህን ምሳሌ ከአባቱ አፍ የሰማው ገና ፊደል ሳይቆጥር ነበር። የተነገረበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልጁ ይንተባተብ ነበር። አባቱ ጨካኝ ሰው አልነበሩም። በቤታቸው የነበረውን ብቸኛ መድኃኒት ሰጡት፤ ልጁም ተቀብሎ ዋጠው። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ እንደ እኩዮቹ ሁሉ ንግግር የሚያርቅ አቃኝ ከጉሮሮው ሥር ተለጠፈለት። አቃኙ የምስር ፍሬ ቢያህል ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የዘርጋውን መንተባተብ የሰማ ሰው የለም።

በሁለት ሺህ ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የጥቅምት ዝናብ ባቆመ ሰሞን፣ ዘርጋውና ባለቤቱ ትርንጎ የዓመት ፈቃዳቸውን ይዘው ከሆሳዕና ወደ አርባ ምንጭ ወረዱ። ዘርጋው በዚያን ጊዜ ጠጉሩ ከጆሮው በላይ መሸበት ጀምሯል። አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። ሁሉም ይጨዋወታል፤ ከናፍር ግን እምብዛም አይላወሱም። ሰው ቃሉን በጉሮሮው ይጀምረዋል፣ አቃኙ ይጨርስለታል። ሶዶ ላይ በመስኮት በኩል ሙዝ ያቀረበችው ሴት ዋጋዋን የተናገረችበት ድምፅ ከሾፌሩም ሆነ ከፊት ወንበር ከተቀመጡት ዳኛ ድምፅ በለስላሳነቱ አይለይም ነበር።

ጥሬ ድምፅ የሕፃናትና የሰካራሞች ነው። በሰው ፊት ማውጣት ምራቅ እንደ መትፋት ይቆጠራል። ለቀስተኞች እንኳ በአቃኝ ነው የሚያለቅሱት፤ በዚህም ምክንያት ከቀብር ተመልሶ ድምፁ የተዘጋ ሰው ማየት ቀርቷል። አንዳንድ ጊዜ አቃኙ ባለቤቱ ካሰበው የተሻለ ቃል ያወጣል። ተናጋሪውም ያንን ሰምቶ በልቡ «እንዲያውም እንደዚያ ነው» ይላል፤ ይህን እንደ ውሸት የሚቆጥር የለም።

ዘርጋው በአንድ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ተቀባይ ነው። ውኃ የተቋረጠበት ሰው ተቆጥቶ ይገባል፤ አመስግኖ ይወጣል። ትርንጎ ደግሞ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ናት። ይህን ጉዞ ያሰበችውም እርሷ ነበረች፤ በዐባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ካለው ኮረብታ ላይ የቆመውን የባሃኢ እምነት ተከታዮች የአምልኮ ቤት ጣሪያ በዓይኗ ማየት ከተመኘች ቆይታለች። በሰርግም ሆነ በማኅበር መካከል ወሬው ስለ ትዳር በሄደ ቁጥር «እኔ ያገባሁት መልኩን አይደለም፤ አንደበቱን ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል። ዘርጋውም አብሮ ይስቃል።

በአጥሩ በር ላይ የተቀበላቸው ዳና የሚባል ረጅም ሰው ነው። አፉን ከፍቶ ሲናገር ሁለቱም ደነገጡ፤ ድምፁ የተሰነጠቀና ሻካራ ነበር።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። አቃኞቻችሁን እዚህ ሣጥን ውስጥ ታኖራላችሁ፤ ስትመለሱ ትወስዳላችሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምክንያቱን ብንጠይቅ ድፍረት ይሆንብናል?» አለ የዘርጋው አቃኝ።

«ኧረ ምንም ድፍረት የለውም። የቤቱ ደንብ ነው። ውስጥ ስብከት የለም፣ ሥዕል የለም፣ የሙዚቃ መሣሪያም አይገባም። ከሰው ጉሮሮ የወጣ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አቃኝ የመጣ ጊዜ ተመከረበትና እርሱም መሣሪያ ነው ተባለ።»

ዳና ንግግሩን ሳይጨርስ ትርንጎ የራሷን ላጥ አድርጋ ሣጥኑ ውስጥ ጣለችው።

«እሰይ! አንገቴን ሲበላኝ ነው የከረመው።»

ድምፅዋ ዝቅ ያለና ወፍራም ነበር፤ ጠርዙ ላይ እንደ ጆንያ ይሻክራል። ዘርጋው ሃያ ዓመት አብሯት ሲኖር ይህን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለችው። «ግንባታ ቦታ ላይ እኮ አቃኝ አይሠራም፤ የሲሚንቶ ማቡኪያው ሲጮህ ይደናገርና ለግንበኞቹ የማላውቀውን ነገር ያዝዛቸዋል። እኔ እንዲህ በጥሬው ነው የምቆጣቸው። አንተስ? እስቲ አንድ ቃል በል።»

ዘርጋው አቃኙን ቀስ ብሎ አላቅቆ ሣጥኑ ውስጥ አኖረው። ከዚያም ጉሮሮውን በጣቱ አመልክቶ ሳል አስመሰለ።

«ጉንፋን? አሁን አውቶቡስ ላይ ደኅና አልነበርክ?»

«ተዪው እቴ፣ ብዙ ሰው ይፈራል» አላት ዳና። «ባለፈው አንድ የባንክ ኃላፊ እዚችው በር ላይ አልቅሷል።»

«በጥሬው?»

«በጥሬው!»

ሁለቱ ተሳሳቁ። ዘርጋው አልሳቀም። ያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትርንጎ ያገባችው አንደበት በሣጥኑ ውስጥ ቀርቷል፤ በጉሮሮው የቀረውን ከሰማች በትዳራቸው በሃያኛ ዓመት ከማታውቀው ሰው ጋር ልትተዋወቅ ነው። ስለዚህ የአባቱን መድኃኒት መልሶ ሊወስድ ወሰነ። ጉብኝቱ የግማሽ ቀን ነገር ነው፤ ግማሽ ቀን ዝም ማለት ደግሞ አይከብድም።

መንገዱ በአትክልት መካከል ያልፋል። ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት ዘጠኝ የእንሰት ቅጠሎች ከአንድ ሥር ወጥተው፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ አገናኝተው የቆሙ ይመስላል። ቅጠሎቹ ብርሃን ከሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በእያንዳንዱ መካከል የሚወርደው ወፍራም የቅጠል አጥንት ጣሪያውን ተሸክሞ እስከ ወለሉ ይዘልቃል። ከዘጠኙ ቅጠሎች ሥር ዘጠኝ በሮች አሉ፤ በቁመትም በስፋትም አንዱ ከአንዱ አይበልጥም።

«ተመልከት፣ ተመልከት!» ትላለች ትርንጎ በሻካራው ድምፅዋ። «ዝናቡ በአጥንቱ ቦይ ወርዶ ኩሬው ውስጥ ይገባል። እንሰትም ውኃውን እንዲህ ነው ወደ ሥሩ የሚያወርደው። እጁ ይባረክ የሠራው ሰው! ግን ፊቱ በየት በኩል ነው?»

አንድ አትክልተኛ ከሣሩ ላይ ቀና አለ። «ፊት የለውም እመቤቴ። በየት ብትመጪ ፊት ለፊት ነው።»

«ንድፍ አስተማሪዬ ይህን ጥያቄዬን ቢሰማ ከፈተና ይጥለኝ ነበር» አለች ትርንጎ፤ አትክልተኛው ሳቀ።

ደረጃው ሥር ሲደርሱ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ይህን ያዘዛቸው አልነበረም፤ በደረጃው ላይም የሌላ ሰው ጫማ አይታይም። ይሁን እንጂ የአምልኮ ቤት ፊት ደርሶ ጫማ አለማውለቅን የሁለቱም እግር አልለመደውም። ከዚያ ትርንጎ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቀኝ ዞረች፤ ዘርጋው ወደ ግራ። ይህንንም ያዘዛቸው የለም። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን ያደጉ ናቸውና፣ የሴቶች በር በቀኝ፣ የወንዶች በግራ መሆኑን እግራቸው ያውቃል። በሩ ግን የወንድም የሴትም አልነበረም።

ዘርጋው በመጀመሪያው በር ገባ። ውስጡ ክብ ነው። ብርሃኑ በድንጋዩ ቅጠሎች ተጣርቶ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ወንዶችና ሴቶች ተቀላቅለው ተቀምጠዋል፤ ዓይን የሚያርፍበት መድረክ ወይም ሥዕል ስለሌለ እያንዳንዱ ሰው በፊቱ ያለውን ሰው ያያል። ዘርጋው መቀላቀላቸውን ሲያይ ሚስቱን በዓይኑ ፈለጋት። አላገኛትም። ያውቃታልና፣ አሁንም ውጭ ቆማ የውኃውን ቦይ በመዳፏ እየለካች እንደሆነ ገመተ። ገመተና ዕረፍት ተሰማው።

አንዲት ልጃገረድ ተነሥታ በጋሞኛ አነበበች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በስዋሂሊ። ከንባቡ በኋላ የሚያብራራ ሰው አልተነሣም፤ ዝምታ ሆነ፤ ሌላው ተነሣ። የልጃገረዷ ድምፅ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ የሽማግሌው በአፍንጫ በኩል ይወጣል። በሦስተኛው ረድፍ አንድ ሰው አንቀላፍቶ ያንኮራፋል፤ እርሱም እንኳ የራሱ ማንኮራፋት አለው። ዘርጋው በሥራው ላይ ስንት ሺህ ሰው አነጋግሯል፤ የሰው ድምፅ እንደ ሰው ፊት የተለያየ መሆኑን ግን አሁን ነው ያስተዋለው። ሳያስበው ትከሻው ላላ።

በዚህ መካከል ንባቡን የሚያስተናብሩት እትዬ ሩሒያ፣ ሸብተው ያበቁ ሴት፣ ከጎኑ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ አማርኛ ታነባለህ?» አሉት በሹክሹክታ።

ዘርጋው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። ያገራችን ሰው እሺታውን በዚህች ትንፋሽ ብቻ ይገልጻል፤ ቃል አያሻትም፤ ስለዚህም ዘርጋው አቃኝ ባይኖረው እንኳ የማይፈራት አንዲት መልስ እርሷ ነበረች።

«ተመስገን! የአማርኛዋ አንባቢያችን ጨንቻ ላይ መኪና ተበላሽቶባት ቀረች። እንግዶች በየቋንቋቸው ነው የሚያነቡልን። ይህችን አንዲት ገጽ ብቻ፤ ቀጥሎ ያንተ ተራ ነው።»

ገጹን በእጁ ላይ አኖሩለትና ወደ ቦታቸው ሄዱ። ዘርጋው ራሱን ሊነቀንቅ አሰበ፤ እርሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ገጹን ወንበሩ ላይ ትቶ መውጣት ይችል ነበር። ለመውጣትም ግማሽ ተነሣ። ደግሞ ዙሪያውን ተመለከተ። ትርንጎ የለችም። በዚህ ቤት ውስጥ ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ ነገ ሁሉም ወደየአገሩ ይሄዳል። በጉሮሮው ውስጥ ያለው ነገር አድጎ ምን እንደሚመስል ደግሞ ራሱም አያውቅም። ሰምቶት የማያውቀውን የራሱን ድምፅ አንድ ጊዜ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ተነሣ።

የመጀመሪያው ቃል «ብርሃን» ነበር። ከንፈሩ ተዘጋና አልከፈት አለ። ተከፈተ፤ «ብ» አለ፤ ተመልሶ ተዘጋ። «ብ... ብ...» ጣሪያው እያንዳንዷን ቁራጭ ተቀብሎ በቀስታ መለሳት። ዘርጋው ሳቅ ጠበቀ። ሳቅ አልመጣም። የሚያንኮራፋው ሰው ማንኮራፋቱን ቀጠለ፤ የቀሩት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በአቃኙ ጊዜ ቃሉን ነጥቆ የሚጨርስለት ነበረ፤ እዚህ ግን የሚነጥቀው የለም። ቃሉ የእርሱ ብቻ ነው፤ እስኪያወጣው ድረስም አልወጣም ማለት ነው።

ከዚያ ወጣ። ወፍራም ድምፅ ነበር፣ መጨረሻው ላይ እንደ ዛገ ብረት የሚሻክር። ዘርጋው ደነገጠ፤ የአባቱ ድምፅ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ቀጠለ፤ ተሰናከለ፤ ቀጠለ። ልጃገረዷ በጥቂት ትንፋሽ የምትጨርሰውን ገጽ እርሱ እንደ ዳገት ወጣው። ሲጨርስ ዝምታው እንደ ሌሎቹ ንባብ ዝምታ ነበር፤ አልረዘመም፣ አላጠረም። ተቀመጠ። ደረቱ ቀልሎታል። ከዚያ ቀጥሎ የተነበበው በምን ቋንቋ እንደ ነበር አላስታወሰም።

በአቅራቢያው ባገኘው በር ወጣ። ትርንጎ በባዶ እግሯ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ያንን ካልሲ ጣለው አላልኩህም?» አለችው።

ዘርጋው ተረከዙ ላይ የተበሳውን ካልሲውን ተመለከተ፤ ከዚያ እርሷን። ውስጥ ነበረች ማለት ነው።

«የሴቶች በር ፍለጋ ሕንፃውን ግማሽ ዞርኩት» አለች። «ኋላ ሰለቸኝና ባገኘሁት ገባሁ። ከዚያ ከወፍራሙ አጥንት ጀርባ ነው የተቀመጥኩት። አንድ ሰው ሊያነብ ተነሣ፤ ፊቱ አይታየኝም። ‹ምስኪን፣ ማን አስገድዶት ይሆን?› አልኩ። እውነቴን ነው፣ አዘንኩለት። አንገቴን ሳሰግግ ካልሲውን አየሁ።»

ዘርጋው የተበሳውን ካልሲ በሌላው እግሩ ሸፈነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከ... ከል... ከልጅነቴ።»

«እና ሃያ ዓመት ሙሉ ደበቅኸኝ? እኔ የፊት ጥርሴ ሰው ሠራሽ መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ነግሬሃለሁ!»

«እን... እንዳት... እንዳትሰለቺ ብዬ።»

«ሰልችቶኛል፤ ቀጥል» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

ጫማቸውን የተዉበትን በር ፍለጋ በሕንፃው ዙሪያ መሄድ ጀመሩ። በሮቹ ሁሉ አንድ ስለሆኑ የትኛው እንደ ነበር ሁለቱም አላወቁም። ሁለት በር ካለፉ በኋላ ትርንጎ ቆመች።

«አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። እንዳትዋሸኝ።»

ዘርጋው ወደ እርሷ ዞረ።

«ከመጋባታችን በፊት ለሥራ ወደ ጅጅጋ ልሄድ የተነሣሁ ጊዜ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኸኝ። ‹ያለ አንቺ ቤቴ ጣሪያ አይኖረውም› አልከኝ። ሻንጣዬን ከአውቶቡሱ ላይ ያስወረደኝ ያ ቃል ነው። ያንተ ነው ወይስ የእሱ?» አቃኙ ተለጥፎበት የነበረውን፣ ከሌላው ቆዳ የነጣውን የአንገቱን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«የእኔ ነው» ለማለት ቃል እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ መሳብ ይበቃው ነበር። ሊስበውም ደረቱን አነሣ። አልሳበውም።

«የ... የእሱ ነው።»

ትርንጎ ፊቷን ወደ ጫሞ ሐይቅ መለሰች። ውኃው ላይ አንዲት ጀልባ ነበረች፤ እስክትሰወር ድረስ አየቻት።

«አንተ ምን ልትል ነበር?»

«አ... አ... አት... አትሂጂ።»

«ሌላስ?»

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልነበረም።

«አንድ ቃል? አንድ ቃል!» ድምፅዋ ከፍ አለና አንዲት ወፍ ከጣሪያው ተነሣች። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ ስለ ጣሪያ ሳወራ! ‹ሙያዬን አስቦ ነው የተናገረው› እያልኩ! ለካ ሙያዬን ያሰበው ያ የተረገመ ምስር ነው!»

ከኩሬው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዘርጋው እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሊለይ አልቻለም፤ ጥሬ ድምፅ የማንበብ ልምድ የለውምና። ቀርቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እግራቸውን ውኃው ውስጥ ከተቱት፤ እርሱ ከነካልሲው።

«ያችኑ ‹አትሂጂ›ን ብትለኝ እኮ» አለች በመጨረሻ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ተናግረህ እስክትጨርስ አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄድ ነበር።»

ዘርጋው ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሳቀ፤ ሳቁም ይንተባተብ ነበር፤ ይህም ይባስ ብሎ እርሷን አሳቃት። አትክልተኛው ከሩቅ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«አሁን ስሜን ጥራ» አለችው።

በቤታቸው አቃኙ ሁልጊዜ «ትርንጎዬ» ይላታል፤ በማለዳም በማታም በአንድ ዜማ። ዘርጋው በገዛ አፉ ጠርቷት አያውቅም። ምላሱን ከጥርሱ ጋር አገናኘ።

«ት...»

ቆመ። እንደገና ጀመረ። «ት... ት...» ፊቱ ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ትርንጎ ስሟን ታውቀዋለች፤ ከንፈሯም ሊያግዘው አንድ ጊዜ ተላወሰ። ከዚያ አፏን ገጠመች። አልጨረሰችለትም። የጥቅምት ፀሐይ ከአንዱ የድንጋይ ቅጠል ወደ ሌላው እስኪሻገር የሚጠብቅ ሰው እንደሚቀመጥ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ት... ትር... ትርንጎ።»

«አቤት» አለችው።

ጫማቸውን ከብዙ ዙር በኋላ አገኙት። በአጥሩ በር ላይ ዳና ሣጥኑን ሲከፍትላቸው «ጉንፋኑ ተሻለህ?» አለው።

«ተ... ተሽ...» ዘርጋው ቆም አለ። ዳናም ክዳኑን በእጁ እንደያዘ ጠበቀው። «ተሽሎኛል።»

በሚቀጥለው ሰኞ ዘርጋው አቃኙን ለጥፎ ሥራ ገባ፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ያስገድዳል። በታኅሣሥ ወር አንድ ጎረቤት፣ ከእነ ዘርጋው ቤት ማታ ማታ ጥሬ ድምፅ ይሰማል ሲል ለቀበሌው አመለከተ። ቀበሌው በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ እንዲወፍር አዘዘ፤ ትርንጎም ንድፉን ሠርታ አስገባች። ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ጎረቤቱም ዳግመኛ አላመለከተም።